ካራቴ፦ እጅን የማቆም ትምህርት

ካራቴ በኦኪናዋ ደሴቶች የተወለደ፣ ያለ መሣሪያ በእጅና በእግር ራስን የመከላከል ጥበብ ሲሆን፣ ልምምዱም በሦስት ይከፈላል፤ እነርሱም ነጠላ እንቅስቃሴዎችን ደጋግሞ ማጥራት (ኪሆን)፣ በቅደም ተከተል የተደነገጉ እንቅስቃሴዎችን ለብቻ መሥራት (ካታ) እና ከባላጋራ ጋር መጋጠም (ኩሚቴ) ናቸው። በሐረር፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ፣ ቴኳንዶውም ውሹውም በጅምላ ካራቴ እየተባለ ይጠራል፤ የቪዲዮ ቤቶች ዘመን ያሳደገው ትውልድም ብሩስ ሊን የካራቴ አባት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ብሩስ ሊ ግን ዊንግ ቹን የተባለውን የቻይና ኩንግ ፉ ተምሮ ጂት ኩን ዶ የተሰኘ የራሱን ስልት የመሠረተ ሰው ነው። ይህ ዓይነቱ መደባለቅ ብዙ ጉዳት የለውም። ጉዳት ያለው፣ ልጅን ካራቴ ማስተማር መማታት ማስተማር ነው የሚለው እምነት ነው፤ ምክንያቱም ይህ እምነት ጨዋ ወላጆችን ከጥበቡ ሲያርቅ፣ ጠበኛ ወጣቶችን ደግሞ ወደ እርሱ ይስባል።

የጥበቡን አመጣጥ በተመለከተ በሰፊው የሚነገረው፣ መሣሪያ የተነጠቁ ገበሬዎች ሳሙራዮችን በባዶ እጅ ለመመከት ፈጠሩት የሚለው ተረት ነው፤ ይሁን እንጂ ስማቸው ተመዝግቦ የቆየው ቀደምት መምህራን አብዛኞቹ ኦኪናዋን ይገዛ የነበረው የሪዩኪዩ መንግሥት ባለሟሎች ነበሩ። ማትሱሙራ ሶኮን የነገሥታቱ ጠባቂ ሲሆን፣ ደቀ መዝሙሩ ኢቶሱ አንኮ (1831-1915) በጸሐፊነት አገልግሏል። የመንግሥቱ መቀመጫ የነበረችው ሹሪ በድንጋይ ግንብ የተከበበ ቤተ መንግሥት የነበራት ከተማ ስትሆን፣ ዕጣዋ በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በተከበበችው የሐረር ከተማ፣ ለሚኖር አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1879 የሪዩኪዩን ንጉሥ ከዙፋን አውርዳ ደሴቶቹን የግዛቷ አካል ካደረገች ከስምንት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887፣ አሚር አብዱላሂ በጨለንቆ ተሸንፈው የሐረር ነጻ አሚርነት አክትሟል። የሹሪ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ እ.ኤ.አ. በ2000፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የጀጎል ግንብ የከበባት ከተማም በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በሁለቱም ከተሞች ዙፋኑ ሲወድቅ ሥርዓቱ አብሮ አልወደቀም፤ በጀጎል በቤት ውስጥ ወግና በለቅሶም በሠርግም ሰውን በሚያስተሳስረው አፎቻ በተባለው የመረዳጃ ተቋም ተጠብቆ ሲቆይ፣ በኦኪናዋ ደግሞ የባለሟሎቹ ጥበብ ወደ ትምህርት ቤት ገባ።

ያስገባው ኢቶሱ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ካራቴ በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ አድርጓል፤ ለተማሪዎች የሚስማሙ ፒናን የተባሉ አምስት ካታዎችን አዘጋጅቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ የጥበቡን ዓላማ በዐሥር ነጥቦች ዘርዝሮ ለባለሥልጣናት ጽፏል። ከነጥቦቹ መካከል ካራቴ ጠንካራ ወታደሮችን ለማፍራት ይጠቅማል የሚለው ስለሚገኝ፣ ዓላማው ከመነሻው ፍጹም ሰላማዊ ነበር ማለት አይቻልም። የእርሱ ተማሪና በሙያው መምህር የነበረው ፉናኮሺ ጊቺን (1868-1957) እ.ኤ.አ. በ1922 ጥበቡን በቶኪዮ ካሳየ በኋላ እዚያው ቀርቶ በዩኒቨርሲቲዎች አስፋፋው፤ ዛሬ ሾቶካን የሚባለው ስልትም ከእርሱ የወረደ ነው። ለተማሪዎቹ ከተዋቸው ሃያ መመሪያዎች የመጀመሪያው ካራቴ በአክብሮት ተጀምሮ በአክብሮት እንደሚፈጸም ሲያሳስብ፣ ሁለተኛው በካራቴ ቀድሞ መምታት እንደሌለ ይደነግጋል።

ይህ ሁለተኛው መመሪያ በግድግዳ ላይ ብቻ የተሰቀለ ምክር ቢሆን ኖሮ ከብዙዎቹ መልካም ምክሮች የተለየ ዋጋ ባልኖረው ነበር። የካራቴ ብልሃት ምክሩን ወደ ጡንቻ ማውረዱ ነው። ከኢቶሱ ፒናኖች የመጡት አምስቱ የሾቶካን ጀማሪ ካታዎች፣ ማለትም ሄይያኖች፣ ሁሉም የሚጀምሩት በመመከት ነው፤ ተማሪው ካታውን በሠራ ቁጥር የመጀመሪያ እንቅስቃሴው የሌላውን ምት መመለስ ስለሚሆን፣ እጁ ቀድሞ መምታትን ሳይሆን መመከትን ይለምዳል። ፉናኮሺ ቴኪ የተባሉትን ሦስት ካታዎች ሲማር ዐሥር ዓመት እንደፈጀበት መጻፉን ያስታወሰ ሰው፣ ድግግሞሹ ምን ያህል እንደሆነ ይገምታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሊታይ የሚገባው ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ቆመው የሚሠሩት የአንድ እርምጃ ልምምድ ነው። አጥቂው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተስቦ ይዘጋጃል፤ የሚመታውን ቦታ፣ ፊት ከሆነ “ጆዳን” ብሎ፣ በድምፅ ያስታውቃል፤ ከዚያም በሙሉ ፍጥነት ገብቶ ቡጢውን ይሰነዝራል። ተከላካዩ ቡጢውን ከመከተ በኋላ ወገቡን አዙሮ አጸፋውን ሲልክ፣ ክንዱ ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ቡጢው ከአጥቂው አፍንጫ ፊት አንድ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለቱም ለአፍታ ሳይነቃነቁ ከቆዩ በኋላ ዓይን ለዓይን እየተያዩ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ላላየ ሰው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ክንድን የሚዘረጋው የኋለኛው ጡንቻ ሥራውን ሳይጨርስ የፊተኛው ጡንቻ ልጓም ሆኖ መያዝ ስላለበት፣ ጀማሪ ወይ ባልንጀራውን ይመታል፣ ወይ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ በፍርሃት ያቆማል። ኃይልን ሳይቀንሱ መድረሻውን መወሰን የሚቻለው ከብዙ ወራት ልምምድ በኋላ ነው።

በዚህ ልምምድ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ሌላ ሥነ ምግባርም አለ። አጥቂው ለባልንጀራው አዝኖ ቡጢውን ወደ ጎን ቢልክ እንደ ደግነት አይቆጠርለትም፤ ተከላካዩ ያልመከተውን የመከተ መስሎት ስለሚታለል፣ መምህሩ አጥቂውን ይገሥጸዋል። ስለዚህ አጥቂው በቅንነት ማነጣጠር፣ ተከላካዩም የአጥቂውን አካል በአደራ መያዝ ይጠበቅበታል፤ በአንድ ቡጢ ውስጥ እውነተኛነትና ርኅራኄ አንዱ ሌላውን ሳያሰናክል አብረው ይለመዳሉ ማለት ነው። የውድድሩ ደንብም ይህንኑ ይከተላል፤ አንድ ምት ነጥብ የሚያገኘው ቅርጹ፣ ጊዜው፣ ርቀቱና ብርታቱ ሲሟላ ብቻ ሳይሆን ስፖርታዊ ጨዋነትና ዛንሺን ሲታይበት ነው፤ ዛንሺን ከምት በኋላ ንቃትን አለመጣል ሲሆን፣ መታሁ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ የሚጨፍር ተወዳዳሪ ነጥቡ ሊቀርበት ይችላል።

ደንቡ እስከ ምን እንደሚደርስ ዓለም ያየው ካራቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባበት የቶኪዮ ኦሊምፒክ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ በተካሄደው ከ75 ኪሎ ግራም በላይ የወንዶች ፍጻሜ፣ የሳዑዲ ዓረቢያው ታሬግ ሐመዲ የኢራኑን ሳጃድ ጋንጅዛዴን 4 ለ 1 እየመራ ሳለ፣ ወደ ጭንቅላት የሰነዘረው እርግጫ በሙሉ ኃይሉ አርፎ ባላጋራውን ራሱን አስቶ ጣለው። ጋንጅዛዴ በቃሬዛ ከመድረክ ወጣ፤ ዳኞቹም ከመከሩ በኋላ ሐመዲ ከመጠን ያለፈ ምት በመሰንዘሩ ከውድድሩ እንዲሰናበት ወስነው ወርቁን ለወደቀው ሰጡ። ውሳኔው ብዙ ተመልካቾችን ያስቆጣ ሲሆን እስካሁንም ያከራክራል፤ በቦክስ ሜዳ ቢሆን ኖሮ በዝረራ አሸናፊው ሐመዲ በሆነ ነበርና። የካራቴ መሠረተ ሐሳብ ግን ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የተነገረበት ጊዜ የለም፤ የማቆም ችሎታ የጥበቡ ግማሽ በመሆኑ፣ ማቆም ያልቻለ ሰው የቱንም ያህል ቢመታ ጥበቡን አልፈጸመም።

የልምምድ አዳራሹ (ዶጆ) ሥርዓት ለሐረሪ ቤት ልጅ አዲስ አይሆንበትም። በጀጎል ባህላዊ ቤት፣ ማለትም በጌይ ጋር፣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ በቀይ አፈር የተለቀለቀው ወለል ላይ ሲገባ፣ ነደባ የተባሉት አምስት ከፍታቸው የተለያየ መደቦች ማን የት እንደሚቀመጥ ይነግሩታል፤ አሚር ነደባ የቤቱ አባወራና የተከበሩ ሽማግሌዎች ስፍራ ስለሆነ ልጅ ዘሎ አይወጣበትም። በዶጆም እንዲሁ ጫማ በር ላይ ይቀራል፤ ተማሪዎች በማዕረግ ተሰልፈው ይንበረከካሉ፤ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው በዝምታ ይቆያሉ፤ ለመምህሩና እርስ በርሳቸው ይሰግዳሉ፤ በብዙ ዶጆዎችም ነባሩም አዲሱም እኩል ጎንበስ ብሎ ወለሉን ይወለውላል። ስግደቱ አምልኮ ሳይሆን ሰላምታ በመሆኑ በሃይማኖት ምክንያት የሚሠጋ ወላጅ መምህሩን ጠይቆ ሊረዳ ይገባዋል። በሾቶካን ትምህርት ቤቶች በልምምዱ ፍጻሜ የሚደገሙት አምስት ቃል ኪዳኖች፣ ስለ ጠባይ መሟላት፣ ስለ ታማኝነት፣ ስለ ትጋት፣ ስለ አክብሮትና ከዓመፅ ስለ መራቅ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ ማንኛቸውም ከሌላው እንዳያንስ ሁሉም “አንደኛ” ተብለው ይቆጠራሉ።

ስለ ቀበቶ ብዙ መናገር አያስፈልግም ነበር፤ ሆኖም ተማሪውም ወላጁም ከሌላው ሁሉ አስበልጦ የሚጠይቀው ስለ እርሱ ነው። ጥቁር ቀበቶ የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ያስለመደው ሲሆን፣ ፉናኮሺ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳን ማዕረግ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1924 ለሰባት ተማሪዎች ነው። ዳን ከጥቁር ቀበቶ ጀምሮ ያለው ደረጃ መጠሪያ ሲሆን፣ አንደኛ ዳን መሠረቱን ያወቀ ተማሪ እንጂ የተፈጸመ ጌታ አይደለም። በክረምት ዕረፍት ልጃቸውን አስመዝግበው በመስከረም ቀበቶ የሚጠብቁ ወላጆችም፣ ለክፍያው ሲሉ ቀበቶ የሚያድሉ አሠልጣኞችም ልጁን እኩል ይበድሉታል፤ ያልደከመበትን ማዕረግ የታጠቀ ልጅ የሚማረው መመጻደቅን ነውና። ሰላምታውን እየዘለሉ ወደ እርግጫ የሚሮጡ ወጣቶችም ቢሆኑ ከትምህርቱ የበለጠውን ክፍል በር ላይ ጥለው እንደሚገቡ ሊያውቁት ይገባል።

ይህ ማሳሰቢያ የሽማግሌ ቁጣ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳይ ጥናት አለ። አሜሪካዊው ማይክል ትረልሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ ጥፋት ያጠፉ ታዳጊ ወንዶችን በሦስት ከፍሎ ለስድስት ወር አሠልጥኗል፤ አንደኛው ቡድን ቴኳንዶን ከነሥርዓቱ፣ ከነጽሞናውና ከነሥነ ምግባሩ፣ ሁለተኛው መማታቱንና ራስን መከላከሉን ብቻ፣ ሦስተኛው ደግሞ ተራ የአካል እንቅስቃሴ ሠርቷል። በፍጻሜው የመጀመሪያው ቡድን ጠበኝነት ሲቀንስ፣ የሁለተኛው ብሶ ተገኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ በመሆኑ ጥናቱ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ የቴኳንዶ መሥራቾች ብዙዎቹ በጃፓን ካራቴ የተማሩ በመሆናቸው ግን ውጤቱ ለካራቴም የቀረበ ነው። እርግጫ ከሥርዓቱ ተነጥሎ ሲሰጥ ጠባይን ሊያበላሽ እንደሚችል ያመለክታል።

እንግዲህ ካራቴ ጠባይን ይገነባል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው በዚህ ገደብ ውስጥ ነው። በጊዲር መጋላ ገበያ ትከሻውን የተገፋ ወጣት እጁን የሚሰበስበው፣ ቃል ኪዳኑን በቃሉ ስላጠና ብቻ ሳይሆን፣ የተነሣን እጅ መግታት በልምምድ አዳራሹ ሺህ ጊዜ የሠራው ተግባር ስለሆነ ነው፤ ትዕግሥትም፣ ሰዓት ማክበርም፣ ለታላቅ መታዘዝም ወደ ቤትና ወደ ሥራ የሚሻገሩት በዚሁ መንገድ፣ ማለትም በመደጋገም ነው። ስለዚህ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚሄድ ወላጅ በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ዋንጫዎችና የምስክር ወረቀቶች ከመቁጠሩ በፊት፣ አንድ የልምምድ ሰዓት ዳር ተቀምጦ ይመልከት፤ አንዱ ተማሪ ባልንጀራውን አጥብቆ ሲመታ መምህሩ የሚያደርገውን ልብ ይበል። መምህሩ ልምምዱን አስቁሞ የመታውን ይቅርታ ካስጠየቀና እንቅስቃሴውን ቀስ ብሎ እንዲደግም ካደረገ፣ ልጁን እዚያ ያስመዝግብ፤ ስቆ ወይም አጨብጭቦ ካለፈ ግን ሌላ ቦታ ይፈልግ።