ዶሊ ፓርተን እና የትውልድ አገሯ ሴቪየር

የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን የተወለደችው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1946 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል፣ በግሬት ስሞኪ ተራሮች ሥር በሚገኘው ሴቪየር ካውንቲ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ከ12 ልጆች አራተኛዋ ናት። አባቷ ሮበርት ሊ ፓርተን መጀመሪያ የሰው መሬት በእኩል እያረሱ፣ በኋላም በራሳቸው ትንሽ ማሳ ትምባሆ እያለሙ ቤተሰቡን ያስተዳድሩ ነበር። እናቷን ያዋለዱት ሐኪም የድካማቸው ዋጋ አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት እንደነበር ዶሊ ደጋግማ ታወሳለች። ቤታቸው መብራትም የቧንቧ ውኃም አልነበረውም። አባትየው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ይህ ደግሞ ከዘፈኖቿ ሁሉ ርቆ ለተጓዘ አንድ ሥራ መነሻ ሆኗል።

ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ የእንዲህ ያለ ገጠር ልጅ ነው። ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ይዘውት የመጡት የትረካ ዘፈንና ቫዮሊን፣ ከአፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከሠሩት ባንጆ፣ ከብሉዝና ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር ጋር በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ተዋህዶ የተገኘ ነው። በ1927 በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ የካርተር ቤተሰብና ጂሚ ሮጀርስ ሸክላ ማስቀረጻቸው፣ ሙዚቃው ከጓዳ ወደ ገበያ የወጣበት ጊዜ ተደርጎ ይቆጠራል። ዶሊ ይህን ሁሉ ያገኘችው ከቤቷ ነው። እናቷ የጥንቶቹን የትረካ ዘፈኖች ያንጎራጉራሉ፤ የእናቷ አባት የጴንጤ ሰባኪ ስለነበሩ መዝሙሩ ከቤተሰቡ አይጠፋም፤ ጊታር የሰጣትና ከመድረክ መድረክ ይዟት የዞረው ደግሞ አጎቷ ቢል ኦውንስ ነው። በ10 ዓመቷ በአቅራቢያው በምትገኘው ኖክስቪል ከተማ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ትዘፍን ጀመር። በ13 ዓመቷ ናሽቪል በሚገኘው የካንትሪ ዋነኛ መድረክ፣ በግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ ቆመች።

በ1964 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በጨረሰች ማግስት ጓዟን ጠቅልላ ናሽቪል ገባች። ትልቁ በር የተከፈተላት በ1967 የካንትሪ ዘፋኙ ፖርተር ዋገነር ወደ ቴሌቪዥን ዝግጅቱ ሲያስገባት ነው። ሰባት ዓመት አብራው ሠርታ ስትለየው የጻፈችው የስንብት ዘፈን “አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ” በ1974 የካንትሪውን ሰንጠረዥ መርቷል። ኤልቪስ ፕሪስሊ ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ግን የዘፈኑን የባለቤትነት ገቢ ግማሽ ጠየቀ። ዶሊ እያለቀሰች እምቢ አለች። የዚያን ዘመን ኤልቪስን እምቢ ማለት እንዴት ያለ ድፍረት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም። በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ያንኑ ዘፈን ለ“ቦዲጋርድ” ፊልም ተጫውታ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 14 ሳምንት አንደኛ ስትሆን፣ የደራሲነቱ ገቢ ሙሉ በሙሉ የዶሊ ነበር። በኋላ ወደ ትውልድ አገሯ የፈሰሰው ገንዘብ ሲነሳ ይህ ውሳኔ አብሮ ሊነሳ ይገባል፤ ዘፈኖቻቸውን በጥቂት ብር ሸጠው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ሙዚቀኞች ብዙ ናቸውና።

የሴቪየር ኑሮ በዘፈኖቿ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ከሁሉ የሚታወቀው በ1971 የወጣው “ኮት ኦፍ ሜኒ ከለርስ” ነው። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ካፖርት ሲሰፉላት የዮሴፍን የኅብር ቀሚስ ታሪክ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይነግሯታል፤ ትምህርት ቤት ለብሳው ስትሄድ ግን ልጆቹ ይስቁባታል። ግጥሙን የጻፈችው በጉዞ ላይ ሳለች፣ ወረቀት አጥታ፣ በዋገነር የልብስ ንጽሕና ቤት ደረሰኝ ጀርባ ነው። በ1973 ያወጣችው “ማይ ቴነሲ ማውንቴን ሆም” አልበም ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያደገችበትን ጎጆ ይዟል። ናፍቆቷ ግን ዓይኗን አልጋረደባትም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1969 አንድ አልበሟን የሰየመችው በትርጉሙ “ዘመኑ ክፉ በነበረበት በደጉ ዘመን” በሚል ርእስ ነው። ድህነትን ከሩቅ ሆኖ የሚያሞካሽ ካንትሪ ሞልቷል፤ ይህ ከዚያ ወገን አይደለም።

በ1983 ከኬኒ ሮጀርስ ጋር የተጫወተችው “አይላንድስ ኢን ዘ ስትሪም”፣ በካሴት ዘመን ኬኒን የሰማ ኢትዮጵያዊም የሚያውቀው ዘፈን ነው። እንዲህ ከካንትሪ ክልል ወጥታ ስሟ ዓለምን በዞረባቸው ዓመታት ነው ወደ ሴቪየር ፊቷን የመለሰችው። በ1986፣ በፒጅን ፎርጅ ከተማ ቀድሞ የነበረ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሸሪክ ሆና ገባች፤ ስሙም ዶሊውድ ተባለ። በግቢው ውስጥ ያደገችበት ጎጆ አምሳያ ቆሟል፤ ዕቃውን ያሰናዱት እናቷ ናቸው። ፓርኩ የካውንቲው ትልቁ ቀጣሪ ነው። የቱሪዝም ሥራ ወቅት ጠባቂ መሆኑ አይካድም፤ ብርዱ ሲበረታ ፓርኩ ይዘጋል። በ2022 ግን የፓርኩ አስተዳደር፣ በወቅትና በትርፍ ሰዓት የሚሠሩትን ጨምሮ ለመማር ለሚፈልግ ሠራተኛ ሁሉ የትምህርት ክፍያውን እንደሚሸፍን አስታወቀ።

በ1988 ያቋቋመችው ፋውንዴሽን የመጀመሪያ ዓላማው ከትምህርት ገበታ የሚቀሩ ልጆችን መቀነስ ነበር። የካውንቲው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ እንዲዋዋሉ ተደረገ፦ ሁለቱም ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ ለእያንዳንዳቸው 500 ዶላር ይሰጣቸዋል፤ አንዱ ካቋረጠ ግን ሌላውም አያገኝም። እንደ ፋውንዴሽኑ ዘገባ በእነዚያ ክፍሎች የአቋራጮች ቁጥር ከ35 በመቶ ወደ 6 በመቶ ወረደ። ብልሃቱ ከገንዘቡ ይልቅ ጓደኛን ለጓደኛ ዋስ ማድረጉ ላይ ይመስላል።

ቀጥሎ የመጣው ኢማጂኔሽን ላይብረሪ ነው። በ1995 በሴቪየር ካውንቲ ብቻ ተጀመረ፤ የሐሳቡ ምንጭም ፊደል ሳይቆጥሩ የኖሩት አባቷ እንደሆኑ ዶሊ ትናገራለች። አሠራሩ ቀላል ነው። የተመዘገበ ልጅ ከተወለደበት ጊዜ አንሥቶ አምስት ዓመት እስኪሞላው በየወሩ አንድ መጽሐፍ በስሙ በፖስታ ይደርሰዋል፤ ወላጆች ምንም አይከፍሉም። ፋውንዴሽኑ አስተዳደሩንና የመጻሕፍቱን ምርጫ ሲይዝ፣ የመጻሕፍቱንና የፖስታውን ወጪ የየአካባቢው አጋር ድርጅት ይሸፍናል። ከ2000 ጀምሮ ለሌሎች አካባቢዎች ክፍት ሆነ፤ በ2004 መላው ቴነሲ ገባበት፤ ከዚያ ወደ ካናዳ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያና አየርላንድ ተሻገረ። በ2018 100 ሚሊዮንኛው መጽሐፍ ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተበረከተ። አባቷ በ2000 ከማረፋቸው በፊት፣ ልጆች ሴት ልጃቸውን “የመጽሐፏ እመቤት” እያሉ ሲጠሯት ደርሰዋል፤ ከዘፋኝነት ዝናዋ ይልቅ በዚህ ይኮሩ እንደነበርም ታወሳለች።

በኖቬምበር 2016 በዚያው በሴቪየር ካውንቲ፣ በጋትሊንበርግ ከተማና በአካባቢዋ የተነሣው ቃጠሎ 14 ሰዎች ሲገድል ከ2,400 በላይ ቤቶችንና ሌሎች ሕንፃዎችን አወደመ። ፋውንዴሽኑ ቤታቸው ለተቃጠለ ቤተሰቦች በወር 1,000 ዶላር ለስድስት ወር ሊሰጥ ቃል ገባ፤ በመጨረሻው ወር ግን መዋጮው ከታሰበው በላይ ስለሆነ ለእያንዳንዱ 5,000 ዶላር ተሰጠ። ገንዘቡ ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ለተጎጂው በእጁ መሰጠቱ የሚደነቅ ነው፤ ከአደጋ በኋላ በሚሰበሰብ መዋጮ ይህ ብዙ ጊዜ አይታይም።

የክብር ሽልማቶቿ ብዙ ናቸው። በ1999 የካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ፣ በ2006 ኬኔዲ ሴንተር፣ በ2022 የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ አክብረዋታል። የአገሯ ልጆች ግን ቀድመዋቸው ነበር፤ በ1987 በሴቪየርቪል ፍርድ ቤት ግቢ ጊታር የያዘ የነሐስ ሐውልቷን አቁመዋል። በ2021 የቴነሲ ምክር ቤት በናሽቪል በሚገኘው የግዛቲቱ ምክር ቤት ግቢ ሌላ ሐውልት እንዲቆምላት ረቂቅ ሲቀርብለት፣ ጊዜው እሷን ከፍ አድርጎ የማቆሚያ ጊዜ እንዳልሆነ ገልጻ ረቂቁ እንዲነሣ ጠየቀች፤ ከዓመታት በኋላ ወይም ከሞተች ወዲያ ይገባታል የሚል ካለ ግን እንደማትቃወም አልሸሸገችም።