የእንሰት ስሞች፦ ከጓሮ እስከ ዕጽዋት መዝገብ

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ በሚገኙ ጓሮዎች እንሰት ሁሉ አንድ አይደለም። ገበሬው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቆጮ የሚፍቁት ሴቶች፣ ተክሉን በቅጠሉ አካፋይ ቀለም፣ በግንዱ መልክ፣ በቅጠሎቹ አቋቋምና ለመድረስ በሚፈጅበት ጊዜ ይለዩታል፤ እያንዳንዱም ዓይነት የራሱ ስም አለው። አንዱ ለቆጮና ለቡላ፣ አንዱ ተቀቅሎ ለሚበላ አሚቾ፣ ሌላው ለቃጫ ይመረጣል። አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚሰጥም አለ። ይህ አከፋፈል መጽሐፍ ያልገባ ቢሆንም በማስተዋል የተገነባ እውነተኛ የዕጽዋት ዕውቀት ነው።

ስሙ ከተክሉ ጋር የሚቆየው ከአረባቡ የተነሳ ነው። ገበሬው እንሰትን የሚያራባው በፍሬ አይደለም። የወጣት ተክል ግንድ ይቆረጥና የአሚቾው መሐል ተፈልፍሎ ይቀበራል፤ በዙሪያው የሚያቆጠቁጡት ችግኞች ከእናታቸው ጋር በዘር አንድ ናቸው። ጎረቤት ለጎረቤት ችግኝ ሲሰጥ ስሙንም አብሮ ይሰጣል። ቋንቋ ሲለወጥ ግን ስሙም ሊለወጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በእነ አልማዝ ነጋሽ የታተመ የዘረመል ጥናት ከደቡብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 146 ዓይነቶችን መርምሮ፣ 58ቱ በ21 ቡድን የሚጠቃለሉ ድግግሞሽ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ሳይንሳዊው ስም ዘግይቶ መጣ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሊኔየስ በ1753 የዕጽዋትን ባለሁለት ቃል ስያሜ ሲያጸና ሙዝን መዘገበ፤ እንሰትን ግን አላወቀውም። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በኢትዮጵያ ያየውን ተክል በ1790 ከነሥዕሉ «እንሴቴ» ብሎ አሳተመ፤ ከሙዝ ጋር አንድ እንዳልሆነም አጥብቆ ተከራከረ። በዓመቱ ጀርመናዊው ግሜሊን «ሙሳ እንሴቴ» በማለት ያንኑ ተክል ከሙዝ ወገን ደመረው። ኦስትሪያዊው ቬልቪች ደግሞ በ1859 አንጎላ ያገኘውን እንሰት «ሙሳ ቬንትሪኮሳ» አለው።

ብሩስ ትክክል ነበር። ሙዝ ከሥሩ በራሱ እያቆጠቆጠ ይበዛል፤ እንሰት ካልተቆረጠ በስተቀር አንድ ግንድ ሆኖ ያድጋል፣ አንድ ጊዜ አብቦ ያፈራና ይሞታል። ሩሲያዊው ሆራኒኖቭ በ1862 «እንሴቴ» የተባለ ራሱን የቻለ ወገን አቋቋመለት፤ ነገር ግን ይህ አመዳደብ ተቀባይነት ያገኘው በ1947 እንግሊዛዊው ቺዝማን ከመለሰው በኋላ ነው። የስያሜ ደንብ ቀዳሚውን ስም ይመርጣል። ይሁንና የግሜሊን ስም «እንሴቴ እንሴቴ» የሚል ድግግሞሽ ስለሚያስከትልና ደንቡ ይህን ስለሚከለክል፣ ቀጣዩ የቬልቪች ስም ጸና፤ ተክሉም «እንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ተባለ።

ይህ ስም ዝርያውን በጅምላ ይጠራል እንጂ በጓሮ ያሉትን ዓይነቶች አይለይም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ለጥበቃና ለማዳቀል ናሙና ሲሰበስቡ፣ ገበሬው የሚጠራበትን ስምና ተክሉ የተገኘበትን ቦታ አብረው ይመዘግባሉ።