ቀስ በቀስ ንፋስ ስለሚያመልጠው ጎማ፤ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ ነጂ 1285 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ተነሥቶ ከ2700 ሜትር በላይ ወዳለው ደጋ ይደርሳል። እዚያም የውጩ አየር ግፊት ስለሚያንስ የንፋስ መለኪያው 2 ፒ.ኤስ.አይ. ያህል ጨምሮ ያሳያል፤ የጎማው ሙቀት በ15 ዲግሪ ቢወርድ ደግሞ ያንኑ ያህል መልሶ ይቀንሳል። ጎማው በጉዞ የሞቀ እንደ ሆነ ግን መለኪያው ከፍ ስለሚል የሚያመልጠው ንፋስ ሳይታወቅ ይቀራል። ይህም አደጋ አለው፤ ንፋስ የጎደለው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፥ በቁልቁለቱም ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ስለዚህ ልኬቱ በማለዳ፥ በአንድ ቦታ፥ መኪናው ሳይንቀሳቀስ መሆን ይገባዋል። ከፍታውና ብርዱ አራቱንም ጎማዎች እኩል ስለሚነካ፥ አንዱ ብቻ ተለይቶ ከቀነሰ ንፋስ ያስወጣል ማለት ነው።

ከዚያም የሳሙና ውሃ በቫልቩ፥ በመርገጫውና ጎማው ከቸርኬው ጋራ በሚገናኝበት ጠርዝ ይቀባል፤ ቀዳዳው አረፋ በሚነሣበት ይገኛል። ቫልቩ ከሆነ ይጠብቃል ወይም ይለወጣል፤ ጠርዙ ከሆነ የቸርኬው ዝገት ይጠረጋል፤ መርገጫው በምስማር ከተበሳ ጎሚስታው ከውስጥ ይለጥፈዋል። ጎኑ የተበሳ ጎማ ግን መለወጥ እንጂ መለጠፍ አይገባውም።