ለላንጋኖ ጀልባዎች ጥገና የሚሆኑ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች አመራረጥ

በላንጋኖ ሐይቅ ዳር ላሉት ጀልባዎች መጠገኛ የሚሆን መሣሪያ የሚያቀርብ ነጋዴ፥ ዋጋው የረከሰ ዕቃ ሁሉ ለደንበኛው ይበጃል ብሎ ማሰብ አይገባውም።

አንደኛ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ማሽን ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል። ስለዚህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይመልከት።

ሁለተኛ፤ ለተራ ጥገና መሰርሰሪያ፥ ማለስለሻ ማሽንና ባለ 115 ሚሊሜትር ግራይንደር ይበቃሉ። በዲስኩ ላይ የተጻፈው የዙር ብዛት ከግራይንደሩ ዙር ያነሰ እንደ ሆነ፥ ዲስኩ ተሰብሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። የፋይበርግላስ ብናኝም ለሳንባ ጠንቅ ስለ ሆነ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ አብሮ ይሸጥ።

ሦስተኛ፤ ባለ ገመዱ ማሽን ከባለ ባትሪው ዋጋው ይቀላል፤ ነገር ግን በእርጥብ መሬት ላይ ገመዱ ቢላጥ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ያስፈልገዋል። ባለ ባትሪውን የመረጠ ደግሞ፥ የአንዱ ፋብሪካ ባትሪ ለሌላው እንደማይገጥም አውቆ በአንድ ዓይነት ይጽና።

በመጨረሻም፥ ባለ ሱቁ ካርቦኑንና ማብሪያውን ለብቻ ማግኘት መቻሉን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መለዋወጫ የሌለው ማሽን ርካሽ አይባልምና።