«ሌላ ሰው ይረዳዋል» ስንል

 

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ሳመራ አስፋልቱ ዳር ሰው ተሰብስቦ አየሁ። አንድ ወጣት መኪና ገጭቶት ወድቋል፤ ገጪው አምልጧል። ጭንቅላቱ ይደማል። ከብበነው ቆምን፤ ሃያ ሰው ሳንሆን አንቀርም። አንዱ ከንፈሩን ይመጣል፣ ሌላው ታርጋውን ያየ ሰው እንዳለ ይጠይቃል፣ አንዱ ደግሞ «የሚያውቀው የለም እንዴ?» ይላል። እኔም «ከዚህ ሁሉ ሰው አንዱ ይረዳዋል» እያልኩ ቆሜያለሁ። እውነቱን ለመናገር «ባነሳው፣ የገጨኸው አንተ ነህ ብባልስ?» የሚል ፍርሃትም ይዞኝ ነበር።

በዚህ መሐል ጎመን ተሸክመው የሚያልፉ አንዲት እናት ሸክማቸውን አውርደው ሰዉን ሰንጥቀው ገቡ። ነጠላቸውን አጣጥፈው ቁስሉን ጫን አድርገው ያዙ። ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ባለ ቦርሳው፣ ታክሲ አስቁም!» አሉኝ። ሮጬ አስቆምኩ። አንዱ «ልጅዎት ነው እንዴ፣ እማማ?» ቢላቸው «የሰው ልጅ ነው» ብለው መለሱ። ወጣቱ ሐኪም ቤት ደረሰ፤ አልሐምዱሊላህ ተረፈ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መድረሳ ገብቼ ፊቅህ የተማርኩት፣ ልጆችን ስለ መልካም ምግባር የማስተምረው እኔ ነኝ፤ የሠሩበት ግን እሳቸው ናቸው።

ለምን ቆመን እናያለን?

ጆን ዳርሊ እና ቢብ ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ተማሪዎችን ለየብቻ ክፍል አስቀምጠው በድምፅ መሣሪያ ሲያነጋግሯቸው፣ አንደኛው ተነጋጋሪ በድንገት የሚጥል በሽታ የተነሳበት የሚያስመስል ድምፅ አሰሟቸው። «የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ካሰቡት መካከል 85 ከመቶ የሚሆኑት ድምፁ ሳያበቃ እርዳታ ፍለጋ ተነሱ። ሌሎች አራት ሰዎችም ይሰማሉ ብለው ካሰቡት ግን የተነሱት 31 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያልተነሱት ጨካኞች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ተጨንቀው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሆኖም ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ሲከፋፈል እያንዳንዱ የእርሱ ድርሻ ትንሽ መስሎ ይታየዋል።

ፈርድ ኪፋያ የማን ግዴታ ነው?

ዑለማዎቻችን ፈርድ ኪፋያ የሚሉት፣ ከሙስሊሞች ከፊሉ ከፈጸመው ከሌላው ላይ የሚወርድ ግዴታ ነው። ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ይህን ግማሹን ብቻ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን እንዲህ ይላል፦ ማንም ካልፈጸመው እያወቀና እየቻለ የተወው ሁሉ ወንጀለኛ ነው። ስለዚህ ፈርድ ኪፋያ «የሌላ ሰው ግዴታ» ማለት አይደለም። አንድ ሰው እስኪነሳ ድረስ በሁላችንም ጫንቃ ላይ ነው። ማዳን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ በእርሱ ላይ ፈርዱ ዐይን ይሆናል።

ሰጋጅ ሶላት ላይ እያለ አንድ ሰው ውሃ ሲወስደው፣ ወይም ዓይነ ስውር ወደ ጉድጓድ ሲያመራ ቢያይና ከእርሱ ሌላ የሚደርስ ባይኖር፣ ሶላቱን አቋርጦ ሊያድነው እንደሚገባ የፊቅህ ምሁራን ያስተምራሉ። ሶላቱን በኋላ ይሰግዳል፤ ያ ነፍስ ግን ካመለጠ አይመለስም።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አንቀጽ አንዲትን ነፍስ ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር ነግሮናል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በጫማው ከጉድጓድ ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻን ስላጠጣና አላህ ወንጀሉን ስለማረለት ሰው አስተምረዋል። ለውሻ እንዲህ ከሆነ፣ ለማናውቀው የአደም ልጅማ እንዴት ይሆን?

በማንዴራ መንገድ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2015 ከሀገራችን ድንበር በማይርቀው የኬንያ ማንዴራ አካባቢ የአልሸባብ ታጣቂዎች አንድ አውቶቡስ አስቆሙ። ሙስሊሞቹ ከክርስቲያኖቹ እንዲለዩ አዘዙ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ተሳፋሪዎቹ ያውቁ ነበር፤ በኖቬምበር 2014 በዚያው አካባቢ 28 ሰዎች እንዲሁ ተለይተው ተገድለዋል። ሙስሊሞቹ ግን አንለይም አሉ። ሴቶቹ ክርስቲያን እህቶች እንዳይለዩ ሒጃባቸውን አለበሷቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የሆነው መምህር ሳላሕ ፋራህ በጥይት ቆስሎ በጃንዋሪ 2016 ናይሮቢ ሐኪም ቤት ውስጥ አረፈ። «እኔ ተለይቼ ልትረፍ፣ ሌላው የራሱ ጉዳይ» አላለም።

እኛስ? ነጃሺ በ615 ስደተኞቹን ሶሐቦች ተቀብሎ በስጦታ ሊያታልሉት ለመጡት አሳልፎ አልሰጠም እያልን እንኮራለን። ኩራቱ የሚያምርብን ግን በየደጃችን የወደቀውን ስናነሳ ነው።

ምን እናድርግ?

አላህ ነፍሳችንን ወደ ጥፋት እንድንወረውር አላዘዘንም። ዋና የማይችል ወንዝ ውስጥ አይዘል፤ ገመድ ወይም እንጨት ይወርውር፣ ይጩህ። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ አዲስ አበባ ላይ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939 ይደወላል። ሰው ተሰብስቦ ከቆመ እንደ እማማ በጣት አመልክተን «አንተ ደውል፣ አንቺ ጨርቅ አምጪ» እንበል። ለሁሉም የተጮኸ ለማንም አይደርስም።

«ጣጣ ያመጣብኛል» የምንልም እንወቅ፦ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት እየቻለ በከባድ አደጋ ላይ ያለን ሰው አውቆ የተወን ሰው ይቀጣል። በሕግም ቢሆን መቆም ነፃ አያወጣም።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁን «በሰው ጉዳይ አትግቡ» ብላችሁ ብቻ አታሳድጉ። ማንን እንደሚጠሩ፣ የት እንደሚደውሉ አስተምሯቸው። ነገ በማናውቀው መንገድ የምንወድቀው እኛው እንሆናለንና።

አላህ ለወደቀ ፈጥነው ከሚደርሱት ያድርገን። አሚን።