የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ወገን የማግኘት ጉዳይ

በሀዲያ ዞን በምትገኘው በፎንቆ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሲያገኝ፣ ምደባው በአብዛኛው በትምህርት ሚኒስቴር ይወሰናል። ስለዚህ በቅርቡ ወዳለው የሆሳዕናው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ወይም እስከ ጎንደርና ሐረማያ ሊላክ ይችላል። በቤቱ ሀዲይኛ እየተናገረ ያደገ ከሆነ፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ጋር በአማርኛ ይግባባል፤ ትምህርቱን ደግሞ በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ከዚህም በላይ፣ በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው ሥርዓት መሠረት አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያ የጋራ ትምህርቶችን ስለሚወስዱ፣ «የእኔ» የሚለው የትምህርት ክፍል ገና የለውም።

አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ቪንሰንት ቲንቶ እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጡት ጽሑፍ፣ ተማሪ ትምህርቱን የሚያቋርጠው በችሎታ ማነስ ብቻ ሳይሆን ከተቋሙ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ ጋር ሳይዋሐድ ሲቀር ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። ውሕደቱ የሚገኘው በድጋፍ ነው። ጄምስ ሃውስ የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1981 ማኅበራዊ ድጋፍን በአራት ከፍለውታል። እነርሱም፦

1ኛ/ ማጽናናት፤ ይኸውም የታመመውን መጠየቅ፣ የከፋውን ማዳመጥ፤
2ኛ/ በገንዘብ፣ በዕቃና በጉልበት መርዳት፤
3ኛ/ ማስረዳት፤ ለምሳሌ የምዝገባን፣ የቤተ መጻሕፍትንና የፈተናን ደንብ፤
4ኛ/ መመዘን፤ ማለትም በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ላገኘው ተማሪ ጉድለቱንና ማሻሻያውን በቅንነት ማሳየት ናቸው።

የአገር ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በሚገባ ይሰጣሉ። ነገር ግን እነርሱም አዲስ ከሆኑ የቀሩትን ሁለቱን ሊሰጡ አይችሉም፤ እነዚህ የሚገኙት ከነባር ተማሪዎችና ከመምህራን ነው። ተማሪው በአገር ልጆቹ መካከል ብቻ ሲወሰን ደግሞ ሌላው ባዕድ ይሆንበታል። በ2012 ዓ.ም. በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በተነሣው ግጭት የተማሪዎች ሕይወት መጥፋቱና ብዙዎች ወደየቤታቸው መመለሳቸው የዚህን ክፍተት አሳሳቢነት ያስገነዝባል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዘረጋው የቃል ኪዳን ቤተሰብ መርሐ ግብር የከተማው ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ ተቀብለዋል። የዚህ አሠራር ፍሬ ነገር ደጋፊውና ተደጋፊው በስም መተዋወቃቸው ነው።

ይህ ለሀዲያና ለከምባታ ሕዝብ እንግዳ አሳብ አይደለም። በአካባቢው «ሴራ» የሚባለው፣ በአማርኛ ከሚታወቀው ትርጉሙ የተለየ፣ የኅብረተሰቡ መተዳደሪያ ሥርዓት ነው። በእድርም እንደሚታየው፣ ሐዘን ለደረሰበት ሰው መድረስ ለግለሰብ ፈቃድ የተተወ ሳይሆን አስቀድሞ የታወቀ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ በገባበት ሳምንት ለእያንዳንዱ የመኝታ ክፍል አንድ ነባር ተማሪ በስም ቢመድቡ፣ የመኝታ ክፍሎችን ከልዩ ልዩ አካባቢ በመጡ ተማሪዎች ቢያደራጁ፣ አማካሪ መምህሩም ከመጀመሪያው ፈተና በፊትና በኋላ ተማሪውን ቢያነጋግር፣ አራቱም ድጋፎች በጊዜው ይሟላሉ። ወገን ማግኘት ለዕድል ሊተው አይገባም።