የኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፍ እንዴት ይታረማል?

እንደሚታወቀው ኢንሳይክሎፒዲያ ማለት የዓለምን ዕውቀት በየርዕሱ አሰባስቦ የያዘ መጽሐፍ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህን መጽሐፍ የሚያዘጋጁት የተመረጡ ሊቃውንት ነበሩ። አንባቢው የተጻፈውን ከመቀበል በስተቀር እጁን የሚያስገባበት መንገድ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1993 ዓ.ም. በኢንተርኔት የተከፈተው ውክፔዲያ ግን ይህን ሥርዓት ለወጠው። የፈለገ ሰው ገብቶ ይጽፋል፤ ሌላው ደግሞ የተጻፈውን ያርማል። ዛሬ በአማርኛም የሚጻፍ የራሱ ክፍል አለው።

ታዲያ «ማንም የሚጽፍበት ከሆነ ምኑ ይታመናል?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። እኛም የገባንበት ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ነው። ከስሕተታችን ያገኘነውን ትምህርት ለሠልጣኝ ጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን ለማካፈል ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ባለሙያ አቧራ ሊያጸዳ ኮምፒዩተር በከፈተ ዕለት ነው። በሆዱ ውስጥ ያለውን ሰፊ ሰሌዳ አይተን «ይህ ምንድን ነው?» ስንለው «ማዘርቦርድ ነው» አለን። የሚያሰላው ክፍል፣ ጊዜያዊ ማስታወሻው፣ መረጃ ማስቀመጫውና የቁልፍ ገበታው ሁሉ የሚገናኙት በዚህ ሰሌዳ አማካይነት ነው። እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ቢገኝ እንኳ እርስ በርሱ አይነጋገርም። ይህን የሚሠራው ማን ይሆን ብለን ስንጠያይቅ ቆየንና ኤሱስ ስለሚባለው የታይዋን ኩባንያ ጥቂት መስመር በአማርኛ ለመጨመር ተነሣን።

የጻፍነው ሦስት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ኩባንያው «በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው፣ አስተማማኝና ተመራጭ» ነው አልን። ሁለተኛ፣ «በ1989 ዓ.ም. ተቋቋመ» አልን። ሦስተኛ፣ «አሁን ሰሌዳዎቹን የሚያመርተው በራሱ ፋብሪካ ነው» አልን። በሁለተኛው ቀን ስንመለስ ግማሹ ተሰርዟል፣ ግማሹ ታርሟል። የማናውቀው ሰው ነው ያረመው። እውነቱን ለመናገር ተናደድን፤ ለፍተን የጻፍነው እኮ ነው! በኋላ ግን ከእያንዳንዱ እርማት አጠገብ የተቀመጠውን ምክንያት አንድ በአንድ አነበብን።

ስለ ሙገሳው የተሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፤ ይኸውም «ይህን ያለው ማን ነው?» የሚል ነው። ያለው ሻጭ ነበር፤ እኛም ከአንድ ሻጭ ማስታወቂያ ነው የገለበጥነው። አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ያደገ ልጅ ይህን ሊስት አይገባውም ነበር። ነጋዴ በሬውን ሲያሞግስ ማንም ይሰማዋል፤ የሚገዛው ግን ጥርሱን አይቶ፣ አስነድቶ ነው። ኢንሳይክሎፒዲያ የነጋዴውን ቃል እንደ እውነት አድርጎ አይጽፍም። እንዲያው ኩባንያውን አይነቅፍም፣ አያሞግስምም፤ የሆነውን ብቻ ይናገራል።

የዓመተ ምሕረቱ ስሕተት ደግሞ የራሳችን የኢትዮጵያውያን ጣጣ ነው። ኩባንያው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 1989 ነው። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 24 ቀን 1981 ዓ.ም. ይሆናል። እኛ የፈረንጁን ቁጥር እንዳለ ወስደን «ዓ.ም.» የሚል ጅራት ስለቀጠልንበት ኩባንያውን በስምንት ዓመት አሳነስነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑንም መርሳት አይገባም።

ሦስተኛው ጥፋት «አሁን» የምትለው ቃል ናት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2008 የፋብሪካ ሥራውን ለይቶ ፔጋትሮን በሚባል ኩባንያ ሥር አደረገው፤ በ2010 ደግሞ ፔጋትሮን ተነጥሎ ራሱን ቻለ። «አሁን» ተብሎ የተጻፈ ነገር ነገ ውሸት ይሆናል፤ በዓመቱ የተጻፈ ግን ሁልጊዜ እውነት ነው።

ከእርማቱ በኋላ የቀረው ጽሑፍ አጭር ቢሆንም ንጹሕ ሆነ። ኩባንያውን ታይፔ ከተማ ላይ ያቋቋሙት ቀደም ሲል በኤሰር ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ አራት መሐንዲሶች ናቸው። ስሙም ፔጋሰስ ከተባለው የግሪኮች ባለ ክንፍ ፈረስ የተወሰደ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የፊተኞቹ ሦስት ፊደላት የተቆረጡት በስም ዝርዝር ላይ ከፊት እንዲገኝ ተብሎ ነው።

ሌላም የተማርነው ነገር አለ። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት ፊደሉን ፍቆ በላዩ ይጽፋል፤ በኋላ የመጣ አንባቢ የተፋቀው ምን እንደነበረ አያውቅም። እዚህ ግን የተሰረዘው ሁሉ በገጹ ታሪክ ውስጥ ከነቀኑ ተቀምጦ ይኖራል። የእኛም ስሕተት እስከ ዛሬ እዚያው አለ። አፍረንበት ነበር፤ አሁን ግን ለማስተማሪያ የሚሆን ይመስለናል። ተማሪ የታረመውን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደታረመ ሲያይ የበለጠ ይማራልና።

ይህ ሁሉ ከገባን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው ስለ አገራችን እንጻፍ» አለ። ያኔ ከባዱ ነገር መጣ። ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ቁልቁል የምትገኘው አሊዩ አምባ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ቅፍለት ወደ ሸዋ የሚገባባት ታላቅ ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1841 (1833 ዓ.ም.) ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው የእንግሊዞች መልእክተኛ ኮርንዋሊስ ሃሪስ በዚያ አልፏል። በሚቀጥለው ዓመት ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም ተቀምጦባታል። ሁለቱም መጻሕፍታቸውን እ.ኤ.አ. በ1844 አሳትመዋል። ስለዚህ የእነሱን ቃል ዋቢ አድርጎ መጻፍ ይቻላል። የአያቶቻችንን ቃል ግን አይቻልም፤ አልታተመማ! ከሻጭ ሙገሳ የጠበቀን ያው ሕግ የአያቶቻችንንም አፍ ዘጋብን።

ሕጉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጉድለቱ የኛ ነው። ስለ ታይዋኑ ኩባንያ የታተመ ማስረጃ ሞልቶ ሳለ ስለ ገበያችን ከእንግዶች በቀር የጻፈ ጥቂት ነው። ሽማግሌዎቹም በየዓመቱ እየተለዩን ነው።

ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህን ያለው ማን ነው? መቼ፣ በየትኛው አቆጣጠር? ሙገሳ ነው ወይስ የሆነ ነገር? ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንሄድ ደግሞ ደብተር ይዘን እንሂድ። የተናገረውን ሰው ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምረን እንመዝግብ፤ መምህሮቻችንም አርመውልን እንዲታተም እንጣር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ነገ የምናስተምረው ሕፃን «አሊዩ አምባ» ብሎ ሲፈልግ የአያቱንም ቃል ማግኘት አለበት።